የባሻን ትንፋሽ ያፈነው እጅ

ጽጌ አሻጥረኛ አልነበረችም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ አንባቢ ሰልችቶት መንገድ ላይ ቢተወኝ እንኳ ይቺን አንዲት ነገር ይዞ እንዲሄድ ብዬ ነው። በናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይ ሲወጣ በነበረው የውሃ ማጣሪያ መሥሪያ ግቢ ውስጥ ያ የብረት ጋን የፈነዳው በጽጌ ክፋት አይደለም። እጇ ተቃጥሎ ቆዳው እየተላጠ ሳለ አሻጥረኛ ብለው አሰሯት። ከእስር ስትወጣ ስሙ አብሯት ወጣ። ባሏ በዚያ ስም ተዋት፣ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ሰው በዚያ ስም ሸሻት፣ ከተማዋን በዚያ ስም ለቃ ሄደች። ይህ ግፍ ነው። ማን እንዳደረሰባት ስጠይቅ አርጅቻለሁ። መልሱን ያገኘሁት አሁን፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ካለኝ በኋላ ነው፤ እንደሰማሁትም እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጥ ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሽታ ነው። በቅርቡ በከተማችን አዳራሽ የድሮ ሥራዎችን የሚያሳይ ዝግጅት ተደርጎ፣ በማጣሪያ መሥሪያው የሠራን አሮጊቶች ተጠርተን ነበር። ካናቴራ ሰጡን፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን። መድረኩ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ እኛ ከሠራናቸው ማጣሪያዎች አንዱ ተቀምጧል። ከየት እንዳገኙት አላውቅም። ሙሉ ልብስ የለበሰ ልጅ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ውሃ አፈሰሰበትና ሽታው መጣ። ደረቅ አፈር ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ፤ እሱን ይመስላል፣ ግን ውስጡ ኖራ ኖራ የሚል ነገር አለበት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽታው ገና ከአፍንጫዬ ሳይወጣ ልጁ ሲናገር ሰማሁት፤ «ይህ ድርጅት የትም ሊደርስ ይችል ነበር። በአንዲት አሻጥረኛ ሠራተኛ ምክንያት ግን በአንድ ቀን ፈረሰ።»

ደንግጬ ብድግ አልኩ። መቼ እንደተነሣሁም አላወቅሁም።

«ልጄ፣ ይህን ማን ነገረህ?»

«እማማ፣ የታወቀ ታሪክ ነው እኮ።»

«በማን ዘንድ የታወቀ? እኔ እዚያው ነበርኩ፣ አላውቀውም።»

ሰው ሳቀ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ እሱም ፈገግ አለ። «እሺ እማማ፣ እሷ ካልሆነች ማን ነው ታዲያ?»

ይህን ጥያቄ በደርግ ጊዜም አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር። ያኔ ፈርቼ ተቀመጥኩ። አሁን ግን ምን እፈራለሁ? «ስሙን አምጥቼ እዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ድምፅ ማጉያ እናገራለሁ፤ ማንም ይሁን ማን» አልኩት። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

እንግዲህ ያ ጊዜ እንዴት ያለ ነበር ብትሉኝ፣ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ሙቀቱና የጋሪው ቃጭል ነው። ናዝሬት ያኔ የጋሪ ከተማ ነበረች። በስሙኒ ከጣቢያው እስከ ፖስታ ቤት ያደርሱሻል፤ ፈረሱ ሲደክመው ባለጋሪው ራሱ ወርዶ ይገፋል። የየግቢው አጥር በቡገንቪል ተሸፍኖ ቀይና ሐምራዊው አበባ አቧራ ላይ ይረግፋል። ጎረምሶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ እግሩ የሰፋ የቴትሮን ሱሪ አድርገው ማዕዘን ማዕዘን ይቆማሉ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ኮንጎ ጫማችንን ተጫምተን፣ በሱዳን ሻሽ ፀጉራችንን አስረን ወደ ሥራ እንሮጣለን። ኮንጎው በቀትር ሙቀት ይለሰልስና እግር ላይ ይጣበቃል። ከራዲዮ ማርሽ ሳይቋረጥ ይፈሳል፤ ማርሹ ሲያልቅ ዘፈን ይመጣል፤ ዘፈኑም ስለ ዘመቻ ነው። ዛሬ ያ ማዕዘን ሁሉ ፎቅ ሆኗል፣ በጋሪው ፈንታ ባጃጅ ነው የሚጮኸው። ልብስ ሰፊው ከእግር መኪናው ጋር ይቀመጥበት የነበረው በረንዳ ላይ አሁን የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የመኪናው መርገጫ ድምፅ ይሰማኛል።

መሥሪያ ቤታችንን ያቋቋመው ቀበሌው ነው፤ ሠራተኞቹ ሴቶች ነን፤ ሥራውን ያስተማረን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ኢንጂነር ነው። ውሃችን ያን ጊዜ ከአዋሽ ሲመጣ ቡናማ ነው፤ ልጅ ሁሉ ሆዱን ያመዋል። ኢንጂነሩ ከአዳሚ ቱሉ ወገን ነጭ አፈር በመኪና አስመጣ። አፈሩ ሲያዩት ዱቄት ነው፤ ጆንያው ትልቅ ሆኖ ሲያነሱት ባዶ ይመስላል፤ አንዷ ሴት «መኪናው ሙሉ አየር ይዞ መጣ» ብላ አሳቀችን። ያንን አፈር ከሸክላ ጭቃና ከኖራ ጋር እናቦካና እንደ ትልቅ ዋንጫ እንሠራዋለን። ውሃው በዋንጫው ግድግዳ ሾልኮ ሲወጣ ቆሻሻው ይቀራል። ውሃው ውስጥ ያለውን፣ ጥርሳችንን የሚያበልዘውን ነገር ማጣሪያችን አልቻለውም፤ ጥርሳችን እንደ በለዘ ኖረ፣ የልጆቹ ሆድ ግን ዳነ።

ችግሩ ይህ ነው፤ ማጣሪያውን ለዘብ ባለ እሳት ብትተኩሺው ውሃ ያሳልፋል ግን እንደ ደረቀ ዳቦ እጅ ላይ ይፈረፈራል። በኃይለኛ እሳት ብትተኩሺው ይጠነክራል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ይደፈኑና ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ስንት ማጣሪያ ሰብረን ጣልን። በኋላ ኢንጂነሩ ከአንድ ፋብሪካ የተወገደ ወፍራም የብረት ጋን አምጥቶ ግቢው መሃል አስተከለ። በለዘብተኛ እሳት የተተኮሱትን ማጣሪያዎች ውስጡ ትደረድሪያለሽ፣ ከሥር ውሃ ታደርጊያለሽ፣ ክዳኑን በብሎን ጥርቅም ታደርጊያለሽ፣ እሳት ትለቂበታለሽ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታመቃል። ሙቀቱና ግፊቱ አንድ ላይ ኖራውንና አፈሩን ያጋባቸዋል፤ ቀዳዳው እንዳለ ሆኖ ግድግዳው ይጠነክራል። ኢንጂነሩ፣ «ቀዳዳዋን ሳንደፍን አጥንት እንሰጣታለን» ይለን ነበር። ከዚያ ጋን የወጣውን ማጣሪያ ከጠረጴዛ ላይ ብትጥዪው እንኳ አይሰበርም። የመጀመሪያው ሲወጣ እልል ብለናል።

ጋኑን ባሻ ብለን ጠራነው። ሆዱ ትልቅ፣ አንገቱ አጭር፣ ሲቆጣ የሚያፏጭ፤ ሌላ ምን ይባላል? አናቱ ላይ ማስተንፈሻ አለው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ማስተንፈሻው ራሱ ተነሥቶ እንፋሎቱን ይለቃል፣ ሲለቅም ይጮኻል። ጩኸቱ ቁርጥ የባቡር ፊሽካ ነው። «ባሻ ተቆጡ» እንላለን፣ «ባሻ ዛሬ ምሳ አልበሉም»። ባሻን እንድትጠብቅ የተመደበችው ጽጌ ነበረች፤ የመቂ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ኦሮምኛም አማርኛም እንደ ልቧ። «ባል ከጠበቅሁ ባሻን መጠበቅ አያቅተኝም፤ ባሻ ቢያንስ ሊቆጡ ሲሉ ያፏጫሉ» ትል ነበር።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ድንቅነሽ ትባላለች፣ ሰፈሩ እትዬ ድንቄ ይላታል። በንጉሡ ጊዜ ከቡልጋ ወርዳ ናዝሬት የከተመች ናት። እኔ ሥራ ስውል ጡት ያልጣለውን ልጄን አዝላ ግቢው ድረስ ታመጣልኛለች፤ እኔ እስካጠባው እሷ ከጽጌ ጋር ታወራለች። እናቴ በአንድ ነገር ቀልድ አታውቅም፤ በለቅሶ። ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ቤት ለቤት ዞራ ራዲዮ ታስዘጋለች። «ሙቀጫ አቁሙ፣ ሰው አዝኗል» ትላለች። አንድ ጊዜ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ሽቦ በእጇ ይዛ «ወይ አንተ ዝም በል ወይ እሱን ዝም አሰኘው» ብላ ሊቀመንበሩን አፋጥጣዋለች። ሰው ሳቀ፣ ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ጋር የሚዋሰኑት አዴ ጫልቱ ደግሞ የእናቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። እናቴ ኦሮምኛዋ ኮልታፋ፣ የአዴ ጫልቱም አማርኛ እንዲሁ፤ ግን አብረው ከተቀመጡ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይነሡም።

አዴ ጫልቱ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ ቶሎሳ የሚባል። ለውትድርና ሲሄድ በባቡር ነው የሸኘነው። እናቱ የሠሩለትን ጭኮ ይዞ በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝ፣ ባቡሩ ሲያፏጭ፣ አዴ ጫልቱ ሐዲዱ ላይ ቆመው ሲቀሩ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ባቡር ባፏጨ ቁጥር ሥራቸውን ትተው ወደ በር ይወጡ ነበር። የእሱ መርዶ መጣ። ድንኳኑ የተተከለው አጥራችን ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም።

ጽጌ ጠዋት ሊቀመንበሩን፣ «ጓድ፣ ባሻን ዛሬ ባናስነሣቸውስ? ለቅሶው አጠገባችን ነው፣ እሳት ከተለቀቀ ደግሞ መሃል ላይ አይቋረጥም» ስትለው ሁላችንም ሰምተናል። ኢንጂነሩ አልነበረም፣ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል። ሊቀመንበሩ፣ «ምርት ለቅሶ አይቀመጥም» አላት። እሳቱ ተለቀቀ። ይህን ልመናዋን በኋላ ወንጀል አደረጉባት። «ማሽኑ እንዳይነሣ የፈለገችው እሷ ናት» አሉ።

ቀትር ላይ ሁላችንም ድንኳን ገባን፤ ጎረቤት ሲያዝን ማን ይቀራል? እኔ ንፍሮና ውሃ አድላለሁ። ግቢው ውስጥ የቀሩት ጽጌና እናቴ ናቸው፤ እናቴ ከማለዳ ጀምራ አዴ ጫልቱ አጠገብ ስታለቅስ ቆይታ፣ ልጄን ለማስተኛት ነው ወደ ግቢው የወጣችው። ያን ጊዜ ባሻ አፏጩ። አዴ ጫልቱ ብድግ አሉ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። «ዱፌ» አሉ፤ መጣ ማለታቸው ነው። «ዱፌ፣ ዱፌ» እያሉ ወደ ድንኳኑ በር ሲሄዱ ሴቶቹ ይዘው መለሷቸው። ቶሎሳ በባቡር የሄደ ልጅ ነው፣ ፊሽካው ሲነፋ በባቡር የሚመለስ መሰላቸው። ጥቂት ቆይተው ባሻ እንደገና አፏጩ። አሁንም ተነሡ፤ ይህኛው ከፊተኛው ይብሳል፤ ፈገግ ብለው ነበር። እንዲያ ያለ ፈገግታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አልቃሿ እንኳ ግጥሟ ጠፋባት።

በዚህ መሃል ጽጌ ገባች። የጎረቤት ለቅሶ አልደርስም ማለት አልሆነላትም። አዴ ጫልቱን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ እኔ አጠገብ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እሳቱንስ?» አልኳት። «እናትሽ ያዩልኛል፣ አሁን እመለሳለሁ» አለችኝ። ባሻ ሲጮኹ አዴ ጫልቱ ተነሡ፣ ያዟቸው፣ ተቀመጡ። ከዚያ ጩኸቱ መሃል ላይ ቆረጥ አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ፊሽካ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አልመጣም። ሴቶቹ «ተመስገን» አሉ። እኔም ተመስገን ብያለሁ። እናቴ ልጄን አዝላ ገባች፣ አዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ነጠላ አልለበሰችም። እናቴን ያለ ነጠላ ለቅሶ ቤት ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጽጌ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«በላይነሽ፣ ባሻ ዝም አሉ» አለችኝ።

«ተመስገን ነዋ።»

«ዝም ማለት የለባቸውም» ብላ ሮጠች። ድንኳን ሙሉ ሰው ስትሮጥ አያት።

የሆነውን ድምፅ በቃል መግለጽ አልችልም። መሬቱ ከሥራችን ብድግ ያለ መሰለኝ። የድንኳኑ ሸራ ወደ ውስጥ ተመትቶ ፊታችን ላይ ወደቀ። ከዚያ ነጭ አፈር ዘነበ፤ የሰው ፀጉር፣ ንፍሮው፣ የቶሎሳ ፎቶግራፍ ሁሉ ነጭ ሆነ። ስንወጣ የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ የለም። የባሻ ክዳን ጣሪያውን በስቶ ወጥቶ ባዶ ሜዳ ላይ ተተክሏል። የሞተ ሰው የለም፣ ሁላችንም ለቅሶ ላይ ነበርንና። ጽጌ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ግራ እጇን ወደ ላይ ይዛ ታየዋለች። አታለቅስም፣ አትጮኽም። ማጣሪያዎቹ ከዳር እስከ ዳር ተበትነዋል፤ የሚያስገርመው፣ ከውስጣቸው ያልተሰበሩ ነበሩ።

ቀበሌው ሸንጎ ተቀመጠ። ማስተንፈሻው ላይ የተጫነው ነጭ አፈር የምንፈጭበት መጅ ነው፤ ድንጋዩ ጎረቤት ግቢ ወድቆ ተገኝቷል። ስለዚህ ሆን ብሎ ያፈነው ሰው አለ። እኔ ተነሥቼ፣ «ጩኸቱ ሲቆም ጽጌ አጠገቤ ነበረች፣ እጇን በዓይኔ አይ ነበር» አልኩ። ሊቀመንበሩ፣ «ታዲያ ማን ነው? ስሙን ጥሪ» አለኝ። ፈርቼ ተቀመጥኩ። እናቴንም ጠየቋት፤ «ሕፃኑን ሳስተኛ ነበር፣ አላየሁም» አለች። በኋላ ጽጌን አቆሟት። እጇ በጨርቅ ተጠምጥሟል። «እኔ ነኝ» አለች። ደንግጬ ስሟን ጠራሁ፣ አላየችኝም። «ማንም የለበትም፤ እኔ ነኝ» አለች ደግማ። ገርፈው አሳምነዋታል አልኩ፤ እስከ ባለፈው ወር ድረስም እንዲሁ እል ነበር። ያፈነውም ሊቀመንበሩ ራሱ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ከእሱ ሌላ ክፉ ሰው አላውቅማ።

ጽጌ እስክትፈታ ድረስ ስንቅ ያመላለሰችላት እናቴ ናት። ሌላው ሁሉ ሲፈራ እሷ አገልግሏን አንጠልጥላ በፀሐይ ትሄዳለች። እኔም እንዲህ ባለች እናት ኮራሁ። ፍትሕ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል ከእሷ ነው የተማርኩት እላለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የማንንም ራዲዮ አላስዘጋችም፤ ለቅሶ ስትሄድ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። እርጅና ነው አልኩ። ልትሞት ስትል የነገረችኝ፣ «ለጽጌ አዲስ ነጠላ ግዢላት» የሚል ነው። ገዝቼ በሰው ላክሁላት። ጽጌ ከእስር ወጥታ መቂ ዘመዶቿ ዘንድ ገብታ ነበር። ከመሄዷ በፊት «ማን ነው?» ብዬ ጠይቄያት፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላኛለች። ከዚያ ሥራ፣ ልጅ፣ ዕድሜ መሃላችን ገባ።

እንግዲህ በአዳራሹ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃል ገብቼ ስወጣ፣ መልሱን ሊሰጠኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀርቶኛል። መቂ በሚኒባስ ሄድኩ። ዓሣ የያዘች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ እስክንደርስ ድረስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስትራገም ሰማሁ። መናኸሪያው ጋ ደላሎች ቲማቲም እያስጫኑ ይጯጯሃሉ። ጽጌን ጠየቅሁ፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ማንም ግን አሻጥረኛ አላላትም። እዚያ «ሃዳ ጽጌ» ናት፤ እናታችን ማለታቸው ነው።

ግቢዋ በባዶ የቲማቲም ሳጥን ተሞልቷል። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ቁመቷ አጥሯል፣ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«አካም ጅርታ፣ ጽጌ?»

«በላይነሽ ነሽ?» አለች። «እግርሽ ነው የታመመው ወይስ ድሮም እንዲህ ነው የምትሄጂው?»

ተቃቀፍን። ውሃ ስጪኝ አልኳት፣ ከጥግ ካለ ገንቦ ቀድታ ሰጠችኝ። ገንቦው አፍ ላይ የተቀመጠው የእኛ ማጣሪያ ነው። ከፍንዳታው ቀን የተረፈ ነው። «ዛሬም ያጣራል?» አልኳት። «ባሻ የሠሩት ነዋ» አለችኝ። ስቄ ሳልጨርስ በአዳራሹ የሆነውን ነገርኳት።

«ዝግጅቱ ነገም አለ፤ አብረሽኝ ነይ» አልኳት። «እዚያ መድረክ ላይ አቆምሻለሁ፤ ስምሽን እናጥባለን።»

«አልመጣም።»

«ምነው? አሁን ማን ያስርሻል? ያፈነው ሊቀመንበሩ አይደለም እንዴ?»

«እሱ?» አለች። «እሱ ማስጮህ እንጂ ማፈን የት ያውቃል።»

«ማን ነው ታዲያ? ጽጌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ነው የጠየቅሁት።»

ግራ እጇን በቀኟ ይዛ ማሻሸት ጀመረች። ጠባሳው ላይ ጣቶቿ አንድ ላይ ተጣብቀዋል።

«ሮጬ ስደርስ» አለች፣ «ማስተንፈሻው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ በላዩ መጁ ተጭኗል። መጁን በቀኜ ስገፋ፣ ጨርቁን በግራዬ ስይዝ ነው ባሻ የፈነዱት። ጨርቁን አይቼዋለሁ። በውሃ የተነከረ ነጠላ ነበር። ጥለቱ አረንጓዴ ነው።»

ያንን ጥለት አውቀዋለሁ። ለፋሲካ ከገበያ መርጬ የገዛሁላት እኔ ነኝ።

እናቴ ያለ ነጠላ ድንኳን ስትገባ ታየችኝ። አገልግሉን ይዛ በፀሐይ ስትሄድ ታየችኝ። ከአልጋዋ ላይ ሆና «አዲስ ነጠላ ግዢላት» ስትለኝ ታየችኝ።

«እናትሽ የአዴ ጫልቱን ‹ዱፌ› ሰምተው መቻል አቃታቸው» አለች ጽጌ። «አጥሩ ሥር ሆነው ይሰሙ ነበር። ባሻን ዝም ማሰኘት ራዲዮ እንደ መዝጋት መሰላቸው። ሌላ ምንም የለበትም። እስር ቤት ሲመጡ ልናገር ብለው አለቀሱ፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። አንድ ከሆንኩ አሻጥረኛ ነኝ፤ ሁለት ከሆንን ቡድን ይሉናል። ቡድን የተባለ ደግሞ በዚያ ጊዜ አይመለስም። እጄ እንደሆን አንዴ ሄዷል።»

«እኔስ?» አልኳት። «እኔ በሸንጎ ፊት የቆምኩልሽ? ለእኔ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም? ቢያንስ እሷ ከሞተች በኋላ?»

ጽጌ አየችኝ። ያየችኝ ሕፃን ልጅ እንደሚታይ ነው፣ በሀዘኔታ።

«አታውቂም?» አለችኝ። «ያኔ ብነግርሽ፣ ልጅሽን እንዳዘልሽ ቀበሌ ሄደሽ እናትሽን ትሰጫቸው ነበር። ከሞቱ በኋላም ቢሆን ዝም አትዪም፣ ይኸው ነገ ልትሄጂ ነው። እትዬ ድንቄ በእስር ቤቱ አጥር በኩል ያስማሉኝ በዚህ ነው። ‹ለማንም ብትነግሪ ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ልጄ ፍርድ አታጓድልም› ነው ያሉኝ።»